የመዳብ ቧንቧ

አባቴ ከሦስቱ መሣሪያዎች ርካሹን የመረጠው በእኔ ጆሮ ምክንያት ነው። በልጅነቴ ይህን ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ደረቴን ነፍቼ እናገረው ነበር። ዛሬ በሽምግልናዬም እናገረዋለሁ። ቃሉ ያው ነው፤ ደረቱ ግን ያ ደረት አይደለም።

አባቴ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። እጁ ከዝገትና የቧንቧ ጥርስ ከሚጠቀለልበት ቃጫ ሽታ ተለይቶ አያውቅም። የምንኖረው በአያቴ፣ በእናቴ እናት ቤት ነው። ሁለት ክፍል፣ አንዲት ጠባብ ወጥ ቤት፣ ከኋላ ደግሞ ረዘም ያለ ግቢ ነበረን። በግቢው ጥግ የሲሚንቶ ልብስ ማጠቢያ ገንዳ ነበር፤ ከገንዳው ሥር ያለው መሬት ከሚፈስበት የሳሙና ውኃ የተነሣ ሁልጊዜ እርጥብና ለስላሳ ነው። አያቴ በዚያን ጊዜ ነገር መርሳት ጀምራ ነበር። እኔን ጠዋት ልጄ፣ ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ትለኛለች። ጫማዋን ከትራሷ ሥር፣ መነጽሯን ከዱቄት ዕቃ ውስጥ እናገኘዋለን። እኔ ይህን ሁሉ እንደ ድብብቆሽ ስለምቆጥረው፣ ከሰፈሩ ልጆች ይልቅ ከእርሷ ጋር መጫወት ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ስንበላ እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያ ክዳን ያለው የናስ ስኳር ማስቀመጫዋ ጠፍቷል» አለች።

«ስኳር ነው የጠፋው?» አለ አባቴ።

«የምን ስኳር! አንተ ደግሞ። ያላትን ሁሉ እዚያ ውስጥ እኮ ነበር የምታኖረው። የእናቷን ወርቅ፣ የራሷን፣ አባቴ የሰጣትን። ስጠይቃት ‹ለአንቺ ነው፤ አስቀምጬልሻለሁ፤ ወንዶቹ እንዳይሰሙ› ትለኛለች። የት ስላት ደግሞ ‹መሬት ያውቀዋል› ብላ ትስቃለች።»

ወንዶቹ የምትላቸው በሌላ ከተማ የሚኖሩትን አጎቶቼን ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ ወሬ የያዝሁት ስኳርን ብቻ ነበር። የእኛ ስኳር በጣሳ መሆኑን ስለማውቅ፣ ትልልቅ ሰዎች ስለ አንድ ባዶ ዕቃ ይህን ያህል መንሾካሾካቸው ገረመኝ። አባቴ ማንኪያውን አስቀምጦ በመስኮቱ ወደ ግቢው ሲመለከት አየሁት። ዝናብ ሊመጣ ነው ብዬ እኔም ተመለከትሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አባቴ ከሥራ ሲመለስ ከአሮጌ መጽሔት የተቀደደ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። በሥዕሉ ላይ አንድ ራሰ በራ ሰውዬ በባሕር ዳርቻ ቆሟል፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጓል፤ በእጁ ጫፉ ላይ እንደ ሳህን ክብ የሆነ ረጅም ዘንግ ይዟል።

«ይህ ሰውዬ ምን የጠፋበት ይመስልሃል?» አለኝ።

«ፀጉሩ» አልሁት።

አባቴ እስኪያስለው ሳቀ። «እሱስ ልክ ነህ። ግን የሚፈልገው ሌላ ሰው የጠፋበትን ነው። ብረት ጠቋሚ ይባላል። ሰዎች በዕረፍት ቀናቸው ይዘውት ይወጣሉ፤ የድሮ ሳንቲም፣ ቀለበት፣ ጌጥ ከመሬት ያወጣሉ። እኛስ ለምን አንሞክርም?»

እኛ አለ። እኔን የያዘችኝ ያቺ ቃል ናት። አባቴ እስከዚያ ቀን ድረስ ከእኔ ጋር ሊያደርገው የሚፈልገው ነገር እንዳለ ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

እናቴ መጀመሪያ ላይ ቀለደችበት። «ሀብት ፍለጋ? የቧንቧ ሠራተኛ ቤት ቧንቧው ሲያንጠባጥብ እያየህ፣ እሱን ብትፈልግ አይሻልም?» አለችው። ሆኖም ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ፣ «ዕረፍቱን መጠጥ ቤት ከሚያሳልፍ፣ ከልጁ ጋር አፈር ቢምስ ይሻለኛል» ስትላት ሰማሁ። ለመሣሪያው መግዣ የጎደለውን ከራሷ አውጥታ የሰጠችው እርሷ መሆኗን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ሱቁ ያገለገሉ ራዲዮኖችና ማራገቢያዎች እስከ ጣራው የተደረደሩበት ጠባብ ቤት ነበር። ባለሱቁ መነጽሩ የወፈረ፣ እርሳስ ከጆሮው የማይለይ ሰው ነው። ሦስት ብረት ጠቋሚዎች ከግድግዳው ጋር ተደግፈው ቆመዋል። አንድ በአንድ እያነሣ እንደ ሙሽራ ያስተዋውቃቸው ጀመር።

«ይቺ መስኮት አላት። ከመሬት በታች ያለው ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚርቅ በቁጥር ትነግርሃለች። ዋጋዋን ከአፈር ቆፍረህ ለመመለስ ግን የልጅ ልጅ ዕድሜ ይፈጃል» አለ። «ይቺ ሁለተኛዋ መርፌ አላት። ተራ ብረት ሲሆን መርፌዋ ወደ ግራ፣ ደኅና ነገር ሲሆን ወደ ቀኝ ትሄዳለች። አንዳንዴ ግን ትሰክራለች፤ አልዋሽህም።»

«ሦስተኛዋስ?» አለ አባቴ። ዓይኑ ገና ስንገባ ጀምሮ እርሷ ላይ ነበር።

«ሦስተኛዋ ደሀ ናት። መስኮት የላት፣ መርፌ የላት። ትጮኻለች፣ በቃ። ለምን እንደምትጮህ ራስህ ትደርስበታለህ።»

«ታዲያ ማን ይገዛታል?»

«ጆሮ ያለው።»

ባለሱቁ በእንጨት ጠረጴዛ ላይ ምስማር፣ የጠርሙስ ቆርኪ፣ ቁልፍና ከጣቱ ያወለቀውን ቀለበት አራርቆ ደረደረና ጨርቅ አለበሳቸው። አባቴ ማዳመጫውን አጥልቆ ሳህኑን በጨርቁ ላይ አመላለሰ። ፊቱን አኮማተረ። «ለእኔ ሁሉም ያው ነው። ጉድጓድ የገባ ድመት ነው የሚመስለው» አለና ማዳመጫውን እኔ ጭንቅላት ላይ ደፋው።

ያን ጊዜ የሰማሁትን ዛሬም ልነግራችሁ እችላለሁ። ምስማሩ እንደሚቀደድ ጨርቅ ሻካራ ነበር። ቆርኪው ብድግ ይልና ይሰበራል። ቀለበቱ ጋ ስደርስ ግን ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ፣ ክብ ሆኖ ተነሣ፤ ክብ ሆኖም ወረደ። ጣቴን በጨርቁ ላይ አሳርፌ፣ «ይኼ ቀለበቱ ነው» አልሁ። ባለሱቁ ዕቃዎቹን ቦታ አቀያየረ፤ ደግሜ አገኘሁት። አሁንም አቀያየረ፤ አሁንም አገኘሁት።

«ማሙሽ፣ እኔ ጋ ትቀጠራለህ?» አለኝ። ወደ አባቴም ዞሮ፣ «ጌታው፣ ለመርፌ ብለህ ገንዘብህን አትጨርስ። መርፌው ቤትህ አለ» አለው።

አባቴ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ። ክብደቱ እስካሁን ይሰማኛል። ከዚያ በኋላ ስለ ባትሪው፣ ስለ ሽቦው፣ መሬቱ እርጥብ ሲሆን እንዴት እንደሚሰማ ብዙ ጠየቀ። «ጥልቀቱስ?» አለ።

«ሳንቲም ከሆነ የመዳፍ ያህል። ተለቅ ካለ ክንድ ያህል ይሄዳል።»

«ናስ ቢሆንስ? እንበል... ክዳን ያለው ዕቃ?»

ባለሱቁ ከመነጽሩ በላይ አየው። «ናስማ ይዘፍንልሃል። ልክ እንደ ቀለበቱ። ምነው፣ የቀበርከው ነገር አለ እንዴ?»

«እኔ ቧንቧ እንጂ ሌላ ነገር ቀብሬ አላውቅም!» አለ አባቴ፤ ሦስታችንም ሳቅን።

በትርፍ ጊዜው ሊጫወትበት መሣሪያ የሚገዛ ሰው ስለ ሜዳውና ስለ ወንዝ ዳሩ ይጠይቃል፤ ክዳን ስላለው ናስ አይጠይቅም። ይህን የማስተውልበት ዕድሜ አልነበረም። እኔ ከሱቁ የወጣሁት «መርፌው ቤትህ አለ» የምትለዋን ይዤ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት የዕረፍት ቀናት በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ የተሻሉ ነበሩ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ እውነት ስለሆነ ግን እጽፈዋለሁ። ገበያው ወደ ሌላ ሰፈር በመዛወሩ ባዶ ወደቀረው ሜዳ እንሄዳለን። አባቴ ሳህኑን ይገፋል፤ እኔ በረጅም ሽቦ የተያያዘውን ማዳመጫ አጥልቄ አጠገቡ እራመዳለሁ። «ምስማር» እለዋለሁ፤ አልፈን እንሄዳለን። «ቆርኪ» እለዋለሁ፤ አልፈን እንሄዳለን። «ክብ ነው!» ስለው ተንበርክኮ በትንሽ መቆፈሪያ አፈሩን ይፈለፍላል። ያረጀ ሳንቲም፣ የቀበቶ ዘለበት፣ አንድ ቀን ደግሞ ሰው የነከሰበት ምልክት ያለው የብር ማንኪያ አወጣን። መንገደኞች ቆመው ይቀልዱብን ነበር።

«ሰውዬ፣ ምን ታጭዳለህ? ሣር የለም እኮ!»

«ልጄን ነው የማሳርሰው!» ይላቸው ነበር አባቴ።

በመመለሻችን ላይ ባለ ጆሮው እያለ ይጠራኝ ጀመር። አንዳንዴም፣ «አያትህ ግቢ ስትወጣ የት የት ነው የምትቆመው?» ይለኛል። አያቴን የሚወዳት ስለመሰለኝ ጠጋ ብዬ እነግረዋለሁ፤ ከአጥሩ ሥር፣ ከበሩ አጠገብ፣ አንዳንዴ ደግሞ ገንዳው ጋ።

አንድ ጠዋት እናቴ አያቴን ይዛ ሐኪም ቤት ሄደች። አባቴ በሩን ከዘጋ በኋላ፣ «ዛሬ ሩቅ አንሄድም። ግቢያችንን እንሞክር፤ ለልምምድ ያህል» አለኝ።

ከአጥሩ ሥር ምስማር ነበር። ከበሩ አጠገብ የተሰበረ ማጠፊያ ነበር። ገንዳው ጋ ስንደርስ ድምፁ ተነሣ። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ሰፊ ነበር፤ ጠርዝ የሌለው ነበር፤ ጆሮዬን ሞልቶ ወደ ደረቴ ወረደ።

«አባዬ!» ብዬ ጮህሁ። «ክብ ነው! ትልቅ ክብ!»

አባቴ ማዳመጫውን ከራሴ ላይ ነጥቆ ራሱ አደረገው። ሳህኑን ወደ ፊትም ወደ ጎንም አመላለሰው። ከንፈሩ ደርቆ ነበር። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ አወጣና ፊቱን ወደ እኔ መለሰ።

«አይ ልጄ» አለኝ። «ይኼ ቧንቧ ነው። ወደ ገንዳው የሚሄደው፤ የመዳብ ቧንቧ። መዳብ እንደ ወርቅ ነው የሚሰማው። የስንቱን ጆሮ አታሏል መሰለህ።»

ስለ ቧንቧ የነገረኝ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሐኪም ሆዳችሁን ዳስሶ ይህ አንጀት ነው ቢላችሁ ትከራከራላችሁ? ያፈርሁት በራሴ ነው። ዓይኖቼ እንባ ሲሞሉ አባቴ ጸጉሬን ዳሰሰና ባትሪ እንድገዛ ላከኝ። «ከቅርቡ ሱቅ እንዳትገዛ፤ የሞተ ነው የሚሸጠው። ከታች፣ ከድልድዩ ማዶ ካለው ሱቅ» አለኝ።

ስመለስ አባቴ ገንዳው ጋ ቆሞ ሸሚዙን ሲያጥብ አገኘሁት። ካልሲውን እንኳ አጥቦ የማያውቅ ሰው! እጀታውን ሰብስቦ፣ እያፏጨ፣ ውኃውን ከገንዳው አፍ እስከ መሬቱ እያፈሰሰው ነበር። ከገንዳው ሥር ያለው አፈር ጭቃ ሆኗል፤ የእግሩ ዱካ በላዩ ላይ ተረጋግጧል። እናቴ አያቴን ደግፋ ስትገባ ይህን አይታ በአድናቆት ቆመች።

«ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?» አለች።

«ስትደክሚ አላይም እንዴ?» አላት።

እናቴ ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ያየኋት ለመጨረሻ ጊዜ ነው፤ ያን ዕለት ግን ይህን አላወቅሁም። እኔ የሚያሳስበኝ ጆሮዬ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አባቴ ሩቅ ከተማ የሚሠራ ትልቅ ሆስፒታል ቧንቧ እንዲዘረጋ መጠራቱን ነገረን። የያዘው አንድ ቦርሳ ብቻ ነው። እኔን ጎንበስ ብሎ ሳመኝና መሣሪያውን ከነማዳመጫው አስታቀፈኝ። «ያንተ ነው። እስክመለስ ድረስ ጆሮህን አሠልጥነው» አለኝ። ይህ ለእኔ ቃል ኪዳን ነበር፤ ሰው የሚወደውን ዕቃ ትቶ የሚሄደው ሊመለስ ነው ብዬ አመንሁ። እርሱ ግን የማያስፈልገውን ዕቃ ነበር የተወው።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «መፍቻህን ረሳህ» አለችው። ትልቁ የቧንቧ መፍቻ ከምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነበር።

«እዚያ ይሰጡኛል» አለ።

ከሄደ በኋላ መፍቻውን አውርዳ በቀሚሷ ጫፍ ስትወለውለው አየሁ። ወልውላ፣ ወልውላ፣ መልሳ ሰቀለችው። ዕቃ እያጸዳች መስሎኝ እኔም ሌሎቹን አመጣሁላት።

አባቴ እስኪመለስ በርትቼ ተለማመድሁ። ከተወው ቁርጥራጭ ውስጥ የመዳብ ቱቦ መርጬ ሜዳው ላይ እየቀበርሁ አዳመጥሁት። እውነትም ክብ ነበር። ነገር ግን የቱቦ ድምፅ መንገድ አለው፤ ሳህኑን ስትገፉት ይዟችሁ ይሄዳል። የገንዳው ድምፅ መንገድ አልነበረውም። አንድ ቦታ ጀምሮ እዚያው አለቀ። ይህን አስተዋልሁ፤ አባቴ ሲመጣ የምጠይቀው ጥያቄ አድርጌም አስቀመጥሁት። ወደ ገንዳው ራሱ ግን መሣሪያዬን ይዤ አልቀረብሁም። የተሸነፍሁበት ቦታ ስለሆነ ያሳፍረኝ ነበር።

አንድ ጠዋት አያቴ ስትነሣ ዓይኖቿ ጥርት ብለው ነበር። «የልጄ ልጅ» አለችኝ፤ ወንድሜ አላለችኝም። «ና፣ አካፋ አምጣልኝ። ሳልረሳው ላውጣላት።» ምርኩዟን ተደግፋ ቀጥታ ወደ ገንዳው ሄደችና መሬቱን ነካችው። «እዚህ ነው። ቆፍር።»

«እማማ፣ እዚህ ያለው ቧንቧ ነው። የገንዳው የመዳብ ቧንቧ» አልኋት።

«የምን ቧንቧ? የገንዳው ውኃ በጎማ አይደል እንዴ የሚመጣው!»

ቀና ስል ጎማውን አየሁት። ከቤቱ ግድግዳ ቧንቧ ተነሥቶ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ገንዳው ላይ ይወርዳል። በየቀኑ አየው ነበር። በየቀኑ ጫፉን እየጨመቅሁ ድመት አራጭበት ነበር። ሆኖም አባቴ ቧንቧ አለ ስላለኝ በልቤ ውስጥ ሌላ ቧንቧ ዘርግቼ ነበር።

ቆፈርሁ። አፈሩ እንደ ሊጥ የላላ ነበር። አካፋው እስኪሰወር ቆፈርሁ፤ ምንም አልነበረም። አያቴ ተንበርክካ በእጆቿ ጨመረችበት፤ ጥፍሮቿ በአፈር ተሞሉ። ከዚያ ቀና አለች። እናቴ በእጇ ላይ የዕቃ ማጠቢያ አረፋ እንዳለ ከወጥ ቤት ወጥታ ነበር።

«ወሰድሽው?» አለቻት አያቴ። «ለአንቺው ያስቀመጥሁትን ሰረቅሽኝ? ከሆዴ ወጥተሽ!»

«ምኑን እማዬ? ኧረ ምኑን?»

እናቴን ልረዳት ፈለግሁ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ ያገኘሁት» አልኋት። «ከአባዬ ጋር፣ በመሣሪያው። ትልቅ ክብ ነበር። አባዬ ግን የመዳብ ቧንቧ ነው አለኝ። አሁን ቧንቧውም የለም።»

እናቴ በገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ዓይኗ ከጉድጓዱ ወደ አካፋው፣ ከአካፋው ወደ እኔ መጣ። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው። ምን እያየች እንደነበረ ያን ጊዜ አልገባኝም። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሣች።

«አዎ፣ እኔ ነኝ የወሰድሁት እማዬ» አለች። «ደኅና ቦታ አስቀምጬዋለሁ። ልጁን አታስፈራሪው።»

«አምጪው!»

«አመጣዋለሁ።»

አላመጣችውም። ጠበቅሁ፤ በማግስቱም ጠበቅሁ፤ አላመጣችውም። ስለዚህ ልጅነቴ ነገሩን በራሱ መንገድ ቋጨው። እናቴ ሌባ ናት። አባቴም ይህን ስላወቀ ትቷት ሄዷል፤ ለእኔ ላለመንገር ብሎ ነው ቧንቧ ያለኝ። እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው! አልሁ።

አያቴ ከዚያ ወዲያ ሁሉን ነገር ረሳች፤ ይህን አንድ ነገር ብቻ አልረሳችም። ለመጣ ሰው ሁሉ ልጇ እንደሰረቀቻት ትነግራለች። ለአጎቶቼም ነገረቻቸው። ስትሞት ታላቁ አጎቴ ቤቱ መሐል ቆሞ እናቴን፣ «አንቺ ድርሻሽን ቀድመሽ ወስደሻል፤ ይህ ቤት የእኛ ነው» አላት። ልብስ ሰፊዋን ጨምሮ ጎረቤቱ ሁሉ በተሰበሰበበት ነው። አንድ ቃል ብትናገር ቤቷም ስሟም ይተርፍላት ነበር። እናቴ ግን እኔ የቆምሁበትን አቅጣጫ አየችና ዝም አለች። እኔም ዝም ማለቷን ጥፋቷን እንዳመነች ቆጠርሁት።

ከአንድ ዳቦ ቤት ጀርባ ያለች ክፍል ተከራየን። እርሷ የሆስፒታል አንሶላ ታጥባለች፤ እኔ ትምህርቴን አቋርጬ ለዳቦ ቤቱ ዱቄት እሸከማለሁ። ማንበብ በወጉ የተማርሁት ጎልማሳ ከሆንሁ በኋላ፣ በጆንያ ላይ ከተጻፈው ጀምሬ ነው። እናቴን ስለዚያ ነገር ጠይቄያት አላውቅም፤ እርሷም ተናግራ አታውቅም። ሁለታችንም አንዳችን ለሌላው የምንራራ ይመስለን ነበር።

እናቴ ካረፈች በኋላ ዱቄት የሚያመላልስ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አባቴን እንዳየው ነገረኝ። በዚያ ሩቅ ከተማ ትልቅ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ እንዳለው፣ ሌላ ቤተሰብም እንዳፈራ ነገረኝ። ከሹፌሩ ጋር ሄድሁ። የሄድሁት መሞቷን ላረዳው ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ሌላም ነገር በልቤ ይዤ ነበር፤ ለምን ትቷት እንደሄደ እንደማውቅ፣ እንዳልተቀየምሁትም ልነግረው ነበር።

ሱቁ ሰፊ ነው። ቧንቧው በየውፍረቱ ተደርድሯል፤ የውኃ መክፈቻዎቹ በመስታወት ውስጥ ያብረቀርቃሉ። አባቴ ወፍሯል፤ ጸጉሩ ነጥቷል። አንድ አፍታ አተኩሮ አየኝና ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ።

«ባለ ጆሮው!» አለ። አቅፎኝ አለቀሰ። እኔም አለቀስሁ።

ሻይ አስመጣ። ሠራተኞቹን ጠራቸው። «ይህን ሰው ታዩታላችሁ?» አላቸው። «ይህን ሱቅ የከፈተልኝ እሱ ነው። በጆሮው!»

ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልሁ። ሠራተኞቹ ሲመለሱ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋና ጉልበቴን መታ አደረገኝ።

«ያን ቀን ‹ትልቅ ክብ› ስትለኝ ልቤ ልትቆም ነበር እኮ! እኔማ ደንቆሮ ነኝ፤ ያላንተ መቼ አገኘው ነበር? ክዳኑን ስከፍተው፣ አቤት! ያቺ ሴትዮ ለካ ንግሥት ኖራለች! አንተ ደግሞ የመዳብ ቧንቧ ነው ስልህ እንዴት አድርገህ አመንከኝ!» ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ አዳኝ ስለ አደኑ እንደሚያወራ ያወራልኝ ነበር። «ባትሪውን ይዘህ ስትመጣ እኮ ስኳር ማስቀመጫው ከሸሚዜ ሥር ገንዳው ውስጥ ነበር።»

የሻይ ብርጭቆው በእጄ ላይ ነበር። ትኩስ መሆኑን አውቃለሁ፤ አልተሰማኝም።

«እናቴ ታውቅ ነበር?» አልሁት።

«ታውቃለች እንጂ። አንድ ጊዜ እዚህ ድረስ መጥታለች፤ ቤቱን ከተቀማችሁ በኋላ። ልትጮህብኝ መስሎኝ ነበር። ግማሹን ልስጥሽ አልኳት። ‹የእናቴን ንብረት ከአንተ ጋር ልካፈል?› ብላ ተቆጣች። ታውቃታለህ መቼም ኩራቷን። አንድ ነገር ብቻ አስማለችኝ። ‹በልጁ ጆሮ እንዳገኘኸው ልጁ እንዳያውቅ› አለችኝ። እኔ ሌባ ብባል ይሻላል፣ ልጁ ይህን ተሸክሞ አይኑር አለችኝ። ማልኩላት።» ደረቱን በመዳፉ ነካ አደረገ። «ይኸው፣ አንተ ሙሉ ሰው ሆነህ እስክትመጣ ድረስ ትንፍሽ አላልኩም። እኔ ቃሌን የምበላ ሰው አይደለሁም።»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ ኩራት ነበር። የውሸት አልነበረም። አባቴ በሕይወቱ ካደረገው ነገር ሁሉ ምስክር የሚያቀርብለት አንድ መልካም ሥራ ይህ ነበር።

ብርጭቆውን አስቀመጥሁ። አባቴም ገበያተኛ መግባቱን አይቶ ለመነሣት እየተዘጋጀ፣ «ለመሆኑ፣ እንዴት ናት?» አለኝ።

ይዤው የመጣሁት መርዶ ምላሴ ላይ ነበር። ብነግረው ያለቅስላት ነበር፤ አውቃለሁ። እንባው ቅርብ ነው። ሱቁን ዘግቶ ሰው ሰብስቦ ያለቅስላት ነበር፤ የሚያጽናኑት ሰዎችም ምን ዓይነት ሚስት እንደነበረች ሲነግራቸው ያዳምጡት ነበር።

«ደኅና ናት» አልሁት።

«ሰላም በልልኝ።»

«እሺ» ብዬ ወጣሁ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሯል። እኔ ዳግም ወደ እርሱ አልሄድሁም። እስኪሞት ድረስ ግን በዚያ በኩል በሚያልፍ ሹፌር ሁሉ ለእናቴ ሰላምታ ይልክላት ነበር። እኔም በዳቦ ቤቱ በር ቆሜ እቀበልላት ነበር።